በእትየ ስንዱ አመድ ላይ የተኛው ጅብ

አጎቴ እድሪስ ዛሬ ከጎንደር ሲገባ የጭነት መኪናውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ ነው የጠራኝ። ከጋቢናው ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ጅብሽ ጎንደር ላይ ከሙሽራ አጠገብ ተቀምጧል አለኝ። እኔ ነጋዴ ያሳደጋት ልጅ ነኝ፤ መጀመሪያ የተጠራ ዋጋ አላምንም። ሊያሾፍብኝ ነው አልኩ በሆዴ። ሲስቅ አየሁትና ይበልጥ ጠረጠርኩ። አስማልኩት፤ «ወላሂ» አለ። እንግዲያው ወሬውን ከመጨረሻው ጀምረህ ድገምልኝ አልኩት፤ ውሸት ከሆነ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ገጠመ። ከዚያ በኋላ ነው ደስታው የመጣው፤ ሲመጣ ግን ጨው የጫነች ግመል ይመስል ተንበርክኬ ከመኪናው ጎማ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም የሚያጥብልን የጎንደሩ ፎቶ ቤት ደጃፉ ላይ የመስታወት ሣጥን አለው። በአንድ ወገን ቬሎ የለበሰች ሙሽራ፣ በሌላ ወገን ጢሙን ያሾለ መኮንን፣ መሐል ላይ ደግሞ እኔ ወረታ ላይ ያነሣሁት ጅብ። ባለቤቱ ሳይነግረን አንድ አትሞ ለራሱ አስቀርቶ ኖሮ አሁን አውጥቶ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል አለ አጎቴ። አንዱ ሰው ቤት ያደገ ጅብ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ሞቶ ገለባ የተጠቀጠቀ ቆዳ ነው ይላል፤ አንዲት ባልቴት ደግሞ አማትበው አልፈዋል። ባለ ፎቶ ቤቱም የነገሩን እውነት ንገረኝ ቢለው፣ አጎቴ ያነሣችው ልጅ ትጽፈዋለች ብሎት መጣ። የአማርኛ አስተማሪያችንም ይህን ሲሰሙ፣ እንግዲያው ጻፊና ከፋሲካ በፊት በሚወጣው የትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ እናውጣው አሉኝ።

እስካለፈው ዓመት ድረስ የምጽፈው ድርሰት «የውሃ ጥቅምና ጉዳት» ብቻ ነበር። አሁን ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ብዕሬም እንደ ለመደ በቅሎ ይታዘዘኛል። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ። ብትጠረጥሩኝ አልቀየምም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይጠረጥር የቀረ ሰው የለም።

ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የአባየ ሱቅ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ላይ ነው፤ ከፊት ለፊታችን የመኪና አቧራ፣ ከጓሯችን የፎገራ ሜዳ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይሞላና ጣና ሊጠይቀን የመጣ ይመስላል። ሳቢሳው፣ ይብራው፣ ስሙን የማላውቀው ባለ ረጅም እግር ወፍ ሁሉ እስከ አጥራችን ድረስ ይመጣል። መስከረም ጠብቶ ውሃው መሸሽ ሲጀምር በየጉድጓዱ አምባዛ ዓሣ ይቀራል፤ ሰው ጭቃው ውስጥ ገብቶ በእጁ ያወጣዋል። እማየ አምባዛውን በበርበሬ ለውሳ ስትጠብሰው ሽታው ከሱቁ አቡጀዲ ላይ ለሳምንት አይለቅም፤ አባየም ገዢ እያሸተተ ይሄዳል እያለ ያጉረመርም ነበር፣ ከሁላችንም አብልጦ እየበላ።

ካሜራውን ያመጣልኝ አጎቴ እድሪስ ነው፤ ከአሥመራ። ጥቁር ሣጥን ነው፣ ከላዩ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መስታወት አለችው። ወደ ታች ጎንበስ ብለሽ በእሷ ውስጥ ስታይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታያል። አባየ ይህን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ። ቀኝና ግራን የሚያምታታ ዕቃ ምን ይታመናል አለ። ጥቂት አሰበና ፈረደ፤ ሰው ሳይጠየቅ ፎቶ አይነሣም፣ ተጠይቆም የሚፈቅድ ወረታ ላይ አላውቅም፣ ስለዚህ ሰው ክልክል ነው፤ አውሬ ግን ፈቃድ አይጠየቅምና እሱን አንሺ። የዱር እንስሳ ፎቶ አንሺ የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ከንቱ ሆኑ። ሳቢሳው የተበተነ ጨው መስሎ ወጣ። ጣሪያችን ላይ የሚያድረው ሸለምጥማጥ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ቀረ። አጎቴ ርብ ወንዝ ድረስ ወስዶኝ ጉማሬ ያነሣሁ መስሎኝ ነበር፤ ታጥቦ ሲመጣ ውሃና ሁለት ጆሮ ብቻ። አባየ አገላብጦ አየና ቀሪውን ማን ወሰደው አለኝ።

ኅዳር ገባ። ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ፣ ጓያው ከረጠበው መሬት ብቅ ብቅ ብሎ፣ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብር ብርድ ይዞ መጣ። በዚያ ሰሞን የአያ ሙላት ጊደር ተበላች።

አያ ሙላት ጎረቤታችን ነው፤ ከሜዳው ከብት አርቢዎች ሁሉ ዱካ በማንበብ እሱን የሚስተካከል የለም። ጭቃ ላይ የታተመ ኮቴ አይቶ ይህች የእገሌ ላም ናት፣ ስድስት ወር እርጉዝ ናት ይላል፤ ልክ ይሆናል። ሲበዛ ተጫዋች ነው፤ ያን ሰሞን ግን ፊቱ ጠቆረ። ጊደሯ ከመንጋው ሁሉ አብልጦ የሚወዳት የአንዲት ወተታም ላም ልጅ ነበረች። በማግስቱ ዱካውን ሲከተል ግማሽ ሰፈር ተከተለው፤ እኔም ከኋላ ነበርኩ። ጅቡ የፊት ግራ እግሩን ይጎትታል፤ ጭቃው ላይ ሦስት የመዳፍ ምልክትና አንድ ጭረት። ዱካው ሜዳውን አቋርጦ፣ ከምንጩ በታች ካለችው ጎጆ ጓሮ ገባ፤ አመድ ውስጥ ጠፋ። ከአመዱ ወዲያ የድርቆሽ መሬት ነው፤ ምንም አይታተምበትም። አያ ሙላት ተነሥቶ እጁን አራገፈ።

«ገባ እንጂ አልወጣም» አለ።

ጎጆዋ የእትየ ስንዱ ናት። እትየ ስንዱ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ከአንበሳሜ በኩል መጥታ ነው እኛ ዘንድ የተቀመጠችው። ጋኑን፣ እንስራውን፣ ድስቱን ትሠራለች፤ ጓሮዋ ባለው ጉድጓድ ውስጥ በኩበትና በጭድ ትተኩሰዋለች። በሠራችው ድስት የማይበላ ቤት የለም፤ ከቤቷ ግን አንድ ጉርሻ የቀመሰ የለም። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በቀን ሰው፣ በሌሊት ጅብ ነው ይባላል፤ ይህን ለወረታ ሰው ማስረዳት የለብኝም። እኛ እስላሞቹና ክርስቲያኖቹ ሥጋ አንድ ላይ አንበላም፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ነበርን። እነሱ ለልጆቻቸው ክታብ ሲያስሩ እማየም ለእኔ አሰረችልኝ፤ በእትየ ስንዱ ደጅ ስታልፊ አፍሽን ሸፍኚ አለችኝ። ሸፈንኩ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር ያስታውስ ጀመር። አንዷ ሌሊት ሌሊት ስታስል እሰማታለሁ አለች። አንዱ አመዷን ለምን እንደ ሰው አትጥለውም አለ። እኔ ደግሞ የራሴን ጨመርኩ፤ እትየ ስንዱ በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነው ጉትቻ የምታደርገው። ሌላኛው የት አለ? ቡዳ ጅብ ሲሆን ጉትቻውን እንደማያወልቅ ሁሉም ያውቃል፤ የተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ያየ ሰውን ያየ ሰው የማያውቅ የለም። ይህን ሐሳብ ለብዙ ቀን በሆዴ ይዤ ዞርኩ፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እሷም ተጠርታ፣ ጅቡ ብርድ ሸሽቶ የሚመጣ እንጂ እኔ አላመጣሁትም ብትል፣ እንዴት አወቅሽ ተባለች። በሚቀጥለው ጊዜ ጊደር ሳይሆን ሕፃን ቢሆንስ? የሚካኤል በዓል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ጎጆዋን አፍርሳ ትሂድ፤ እስከዚያ የጀመረችውን ሸክላ ተኩሳ ትጨርስ ተባለ። እትየ ስንዱ የምትሄድበት ዘመድ አልነበራትም። ከአንበሳሜም ያስወጣት ይኸው ስም እንደነበር ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር አቀድኩ። የሰው ዓይን በድግምት ይታለላል፤ ሣጥን ግን ነፍስ የለውምና አይታለልም። ያንን ጅብ ፎቶ ባነሣው ጉትቻው ይታያል። ጉትቻው ከታየ የእትየ ስንዱ ነገር ያለ ወሬ ተረጋገጠ ማለት ነው። አስቡት፤ ሴትየዋን ልረዳ አልነበረም የሄድኩት። ላጋልጣት ነው።

እትየ ስንዱ ሸክላዋን የተኮሰች ዕለት ጭሱ ከሱቃችን ይታይ ነበር። በማግስቱ አባየና እማየ ከሱብሒ ሰላት ምንጣፋቸው ሳይነሡ ጋቢዬን ተከናንቤ በጓሮ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ጉም ተኝቷል፤ የጤፉ ጫፍ ጤዛ ተሸክሟል፤ እግሬ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ከእትየ ስንዱ የቅንጭብ አጥር ጀርባ ተቀመጥኩና ጠበቅሁ። ካሜራውን ጤዛ እንዳይነካው ጋቢዬ ውስጥ አቀፍኩት።

ፀሐይ ከደብረ ታቦር በኩል ካሉት ተራሮች ላይ ብቅ ስትል ጉሙ ተገፈፈ፤ አየሁትም። የሸክላው አመድ መሐል እንደ ውሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አመዱ ገና ይሞቃል፤ በላዩ የሚንቀጠቀጥ ሙቀት ይታየኛል። አርጅቷል፤ ጠጉሩ ተመላልጧል፤ የፊት ግራ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶታል፣ ቁርጭምጭሚቱ ተንጋዷል። ያን ያህል ቀን የፈራሁት ነገር እሳት ሞቆ እንደተኛ ሽማግሌ ያንኮራፋል።

ጆሮዎቹን አየሁ። አንዱ የተቀደደ ነው። ጉትቻ የለም።

አጎቴ እንዳስተማረኝ አደረግሁ፤ ፀሐይን ከኋላዬ፣ ሣጥኑን ከደረቴ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። በትንሿ መስታወት ጎንበስ ብዬ ስፈልገው ጅቡ በጠርዟ ላይ አለ፤ በሌላው ጠርዝ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር። ጣቴ ከሐሳቤ ቀደመና ተጫንኩት። ቀና ስል እትየ ስንዱ እንስራዋን አዝላ ከምንጭ በኩል ትመጣለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማለች፤ በአንድ ጆሮዋ ጉትቻዋ ያብለጨልጫል። እዚያ ጅቡ፣ እዚህ እሷ፤ መካከላቸው አንድ ግቢ።

እሷም አየችው። አልጮኸችም። እንስራዋን ሳታወርድ ቆመችና፣ ሥራ ፈት እንግዳ እንደምትቀሰቅስ ሴት፣ «ተነሥ እንግዲህ፤ ነግቷል፤ አመዱን ልጠርገው ነው» አለችው። ጅቡ አንድ ዓይኑን ከፈተ፤ ተነሥቶ አመዱን አራገፈና እያነከሰ በድርቆሹ በኩል ሄደ።

ይህን ንግግር ለሦስት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። ጅብ የምታነጋግር ሴት ብል ምን እንደሚከተል አውቅ ነበር። ደግነቱ ፎቶ ጆሮ የለውም። አሁን የጻፍኩት እሷው ራሷ ጻፊው ስላለችኝ ነው።

ቤት ገብቼ ለአባየ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ጣቃ ጨርቅ እንደሚመረምር ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። ጉትቻ እንደሌለው እርግጠኛ ነሽ? ነኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ? ነበሩ። ለማን ነገርሽ? ለአንተ። እንግዲያው አፍሽን ዝጊ አለ። ዛሬ ብትናገሪ ቡዳዋ ልጅቱን በላቻት፣ የምታየውን አታውቅም ይሉሻል፤ ያን ጊዜ ፎቶው ቢመጣም ማንም አያምነውም። በባዶ እጅ ገበያ አይወጣም።

አጎቴ በዚያው ዕለት ፊልሙን ይዞ ወደ አሥመራ ወጣ፤ ጎንደር ላይ ጥሎት ሲመለስ ሊያነሣው። ከእሑድ በፊት እመጣለሁ ብሎ ነበር። ሚካኤል አለፈ፤ አጎቴ አልመጣም። በየሞተሩ ድምፅ ወደ መንገድ እሮጥ ነበር። ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፤ ሳቢሳው ጨው ሆኗል፣ ጉማሬው ጆሮ ብቻ ሆኗል፤ ይህስ ምን ሆኖ ይመጣ ይሆን?

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከሱቃችን ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። እትየ ስንዱ ድስቷንና ቁርበቷን በተዋሰችው አህያ ጭና ከሰው ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ከሰዎቹ አንዱ ጎጆውን ማን ያፈርሰዋል እያለ ይጠይቃል። አባየ ወጥቶ አብሯቸው ተቀመጠና ወሬ አራዘመ፤ የጨው ዋጋ፣ የመንገዱ መበላሸት፣ ያለፈው ዓመት ዝናብ። እንዲያ ሲለፈልፍ አይቼው አላውቅም። አያ ሙላት ምነው ሰይድ፣ ዛሬ ገበያ ነው እንዴ አለው።

አጎቴ የደረሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትጠጋ ነው፤ ጎማ ፈንድቶበት አድሮ። ፖስታውን ሲሰጠኝ አባየ ከሾላው ሥር ተነሥቶ መጥቶ ተቀበለኝ። እሱ አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ነጋዴ ነው። እኔ በትከሻው ላይ ተንጠራርቼ አየሁ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ጥርት ብሏል።

አሁን የአባየን ጨርቅ አሻሻጥ ማወቅ አለባችሁ። አባየ ጣቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘረጋም። አንድ ክንድ ብቻ ይገልጥና ገዢው በአፉ አመስግኖ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ የቀረውን ሲዘረጋው ገዢው ወደኋላ ማለት ያፍራል። ያንን ነው ያደረገው። ወደ ሾላው ሄዶ ፎቶውን ለአያ ሙላት ዘረጋለት፤ ከእጁ ግን አልለቀቀውም፤ አውራ ጣቱም ጥጉን ሸፍኗል።

«አያ ሙላት፣ ዱካ አዋቂ አንተ ነህ። ይህን እወቅልኝ» አለው።

አያ ሙላት አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ አንዴ ቀረበ፣ አንዴ ራቀ። «ጅብ ነው» አለ።

«ውሻ እንዳይሆን።»

«የውሻ ጀርባ እንዲህ ወደኋላ ይንሸራተታል? ይልቅ እግሩን እየው፤ የፊት ግራውን። ይኸው ነው! የኔን ጊደር የበላው እሱ ነው። የት ነው የተኛው?»

«አመድ ላይ።»

«የማን አመድ?»

አባየ በጣቱ ወደ እትየ ስንዱ አመለከተ። ሰዉ ሁሉ ጉርምርም አለ። እትየ ስንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችን፤ አስተያየቷን መቼም አልረሳውም። ለአንድ አፍታ እኔም አባየን ጠረጠርኩት። ሸጣት ብዬ አሰብኩ።

«በደንብ እየው» አለው አባየ። «ሌላ ጅብ ቢሆንስ? ሰው ቤት የሚያፈርስ ነገር ነው።»

«በሚካኤል! ይኸው ራሱ ነው። በዓይኔ እንዳየሁት ቁጠረው።»

ያን ጊዜ አባየ አውራ ጣቱን አነሣ።

አያ ሙላት አየ። አጠገቡ የነበሩት ተጠጉ። በጥጉ ላይ እንስራ ያዘለች ሴት አለች፤ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን እንስራዋን የምታዝልበት፣ ነጠላዋን የምትጠመጥምበት መንገድ ሁሉም በየቀኑ የሚያየው ነው። ከኋላ ያለ አንድ ሰው እንግዲያው የተኛው ማነው ብሎ ጠየቀ።

አያ ሙላት ግን ሞኝ አይደለም። ላቡን ጠረገና፣ «ይህ ሣጥን ሁለት ቀን በአንድ ላይ አይሰፋም?» አለ። ጅቡን ዛሬ፣ እሷን ነገ አንስቶ አንድ ላይ ማድረግ ቢችልስ? አባየ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ፊልሙን ሳታዞሪ ደግመሽ ከተጫንሽ እንደዚያ እንደሚሆን አውቅ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ መካከል አባ ወልዱ ነበሩ፤ በጾም ቀን ፀሐይ ላይ ቆመው ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ የቅዳሴውን ሰዓት የሚናገሩ ቄስ ናቸው። እስካሁን ምንም አልተናገሩም። «ወዲህ አምጡልኝ» አሉ። ፎቶውን ከዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ በጥፍራቸው የሴትየዋን ጥላ ለኩ፤ ቀጥለው የአጥሩን ግንድ ጥላ፤ ቀጥለው ከአመዱ ዳር የተገተረውን የማገዶ እንጨት ጥላ። ፎቶውን አዙረው ደግመው ለኩ።

«አንድ ማለዳ ነው» አሉ። «ሁለት ቀን ቢሰፋ ጥላው በተዛነፈ፤ ይህ ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው፤ ርዝመቱም ፀሐይ አሁን እንደወጣች ነው። ጅቡም ጆሮው ባዶ ነው። ሴትየዋ ቤቷ ትቀመጥ።»

ዕልልታ አልነበረም። ይቅርታ የጠየቀም አልነበረም። ሰዉ አንድ አንድ እያለ አቧራውን እያራገፈ ሄደ። አህያዋን ያራገፍናት እኔና አጎቴ ነን፤ እትየ ስንዱ ከድስቶቿ አንዱ ተሰንጥቆ ስታየው ነው ያለቀሰችው።

ጥርጣሬ ግን ቤት ሲያጣ ሌላ ቤት ይፈልጋል እንጂ አይሞትም። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ በሰፈር ሳልፍ ሴቶች የሕፃኖቻቸውን ፊት ይሸፍኑ ጀመር። የአያ ሙላት ሚስት የታለበውን ወተት በሰፌድ ከደነችብኝ። ጅብ አጠገብ ቆማ ምንም ያልሆነች፣ አንድ ዓይን በሣጥን ይዛ የምትዞር ልጅ ምንድን ናት? እማየ ሁለተኛ ክታብ ልታስርልኝ ፈልጋ የትኛውን ማሰር እንዳለባት ግራ ገባት፤ የሚጠብቀኝን ነው ወይስ ሰውን ከእኔ የሚጠብቀውን? ይህን ሁሉ ለእትየ ስንዱ ሄጄ ነገርኳት። ጭቃዋን እየረገጠች ሰማችኝና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፤ ተራው ያንቺ ነው» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ነው ወዳጆች የሆንነው።

አያ ሙላት ጦሩን ይዞ ለብዙ ማለዳ በእሷ አጥር ሥር አደፈጠ፤ ጅቡ ግን ዳግመኛ አልታየም። ጊደሯን የበላው እሱ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። እትየ ስንዱ እሱ ጥርስ እንኳ የለውም ትላለች፤ ይህን እንዴት እንዳወቀች ጠይቄያት አላውቅም።

ዛሬ የአጎቴን ወሬ እንደሰማሁ ወደ እሷ ዘንድ ነው የሮጥኩት። ጎንደር መስታወት ውስጥ አለሽ ስላት ከማን ጋር አለችኝ። ሙሽራና መኮንን ስላት እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ሰው ቆሞ እያየኝ ነው? እያየሽ ነው። ምን ይላል? ያሉትን ሁሉ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ገባት። ሦስት ዓመት ሙሉ ድስቷን ሲገዙ የኖሩ ሰዎች ዛሬም ከእጇ አንድ ዋንጫ አልተቀበሉም፤ አያ ሙላት እንኳ ደጇ ላይ ቆሞ ይጫወታል እንጂ ገብቶ አያውቅም። ደጇን አልፌ የገባሁ እኔ ብቻ ነኝ።

«እንግዲህ ስትጽፊ ይህን ጻፊልኝ» አለች። «በመስታወት ከሚያዩኝ መጥተው በቤቴ ይዩኝ። ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ጋን እተኩሳለሁ። ንፍሮ አለ፤ ጠላ አለ፤ ለእናንተ ወገን ብርዝ አዘጋጃለሁ።»

ጥሪው የእሷ ነው፤ እኔ አድራሽ ነኝ። ይህን የምታነቡ ሁሉ ተጠርታችኋል፤ የጎንደር ሰዎችም፣ የወረታም፣ በተለይም የወረታ። መንገዱን ማንም ያሳያችኋል፤ ከምንጩ በታች፣ ጭስ የሚወጣበት ግቢ ነው። ዋንጫውን በሁለት እጃችሁ ተቀበሉ፤ ከንፈር አስነክቶ መመለስ ደግሞ አይቆጠርም። እኔ በሩ አጠገብ ካሜራዬን ይዤ እቀመጣለሁ። አባየ አሁን ሰው ማንሣት ፈቅዶልኛል፤ ለማንሣት የምፈልገውም ጠጥቶ የጨረሰውን ሰው ነው።